ሸክላው ከመሸጡ በፊት ምስክሩ ይጠየቅ

አንድሪው ካርትሜል የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የወንጀል ልብ ወለድ አሳተመ። ርዕሱ «ሪትን ኢን ዴድ ዋክስ» ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ለንደን ውስጥ ከድመቶቹ ጋር ይኖራል፤ ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አይነገርም። መተዳደሪያው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችና ከበጎ አድራጎት ሱቆች የድሮ የሙዚቃ ሸክላ እየለቀመ ለሰብሳቢዎች መሸጥ ነው። ለቀልድ ያህል ካርዱ ላይ «የሸክላ መርማሪ» ብሎ አሳትሟል። አንድ ቀን ካርዱን የምሯን ያመነች ሴት በሩን ታንኳኳለች። ጠፍቶ የቀረ የጃዝ ሸክላ እንዲፈልግላት ትቀጥረዋለች። እሱ ፍለጋ ሲጀምር ሌሎችም ያንኑ ሸክላ እየፈለጉ እንደሆነ ይገባዋል፤ ሰውም መሞት ይጀምራል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ማንበብ ለሚፈልግ ጣዕሙን ማጥፋት ይሆንብኛል።

መጽሐፉ የደረሰኝ ከውጭ አገር ለዕረፍት በመጣች የእህቴ ልጅ ሻንጣ ነው። ክረምቱን ጋቢዬን ተከናንቤ ጨረስኩት። ዘመኔን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ የመጽሐፉ ደምና ሬሳ ብዙም አልደነቀኝም። የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሸክላ በላዩ ላይ ካለው ዘፈን ሌላ ስንት ማስረጃ ይዞ እንደሚኖር ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ርዕሱ ራሱ ፍንጭ ነው። ሸክላ ሲጫወት መርፌው ከዳር ተነሥቶ በቀጭኗ ቦይ እየተሽከረከረ ወደ መሐል ይሄዳል። ዘፈኑ ካለቀበት ቦታ እስከ መሐሉ የወረቀት ምልክት ድረስ ድምፅ የሌለበት ለስላሳ ቀለበት አለ። ሰብሳቢዎቹ ይህን ቦታ «የሞተ ሰም» ይሉታል። እዚያ ላይ ሸክላው ሲታተም የተመታ ወይም በእጅ የተጫረ ቁጥርና ፊደል ይገኛል። በብርሃን አጋድሞ ላየው ሰው ይህ ቁጥር ሸክላው ከየትኛው ቅርጽ እንደወጣ ይነግረዋል። የወረቀቱ ምልክት ቢቀደድ፣ ስሙ ቢፋቅ፣ ያ ቁጥር አይጠፋም። እኛ ሆስፒታል ውስጥ ለአራስ ሕፃን እጅ ላይ እንደምናስረው የስም ምልክት ነው ብል ነገሩን የሚያቀርበው ይመስለኛል።

የኔ ዕድሜ ሰዎች ለምስጢር ታሪክ እንግዳ አይደለንም። የማሞ ውድነህን የስለላ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን፣ ሽፋኑ እስኪገነጠል ያነበብን ትውልዶች ነን። የሼርሎክ ሆምስንም ስም የማያውቅ ጥቂት ነው። የዚህኛው መጽሐፍ ልዩነት የምርመራው ዕቃ በየቤታችን የሚገኝ መሆኑ ነው። ታሪኩ የለንደን ቢሆንም እያነበብኩት ሐሳቤ ከአራዳና ከፒያሳ አልወጣም።

ፒያሳ ስትዘፍን

ሸክላ ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ የገባው ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀደም ብሎ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ በርሊን ውስጥ ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። በግጥምና በማሲንቆ የታወቁ ሰው ነበሩ። ለእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው ብል ወዲያው ያስታውሷቸዋል። ያ ቅጂ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ 27ኛ ክፍል ሆኖ እንደገና ወጥቷል። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ እነዚያን ተሰባሪ ሸክላዎች ሳይጥላቸው በመቆየቱ ነው ዛሬ ድምፃቸውን የምንሰማው።

ከጦርነቱ በኋላ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ፒያሳ አጠገብ ላለው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች በየመድረኩ ሲያበሩ ሥራቸው በሸክላ የሚወጣው በጥቂቱ ነበር። ይህን የሰበሩት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ አንድ ወጣት ናቸው፤ አቶ አምሃ እሸቴ። የሸክላ ሱቅ ነበራቸው። የውጭ ዘፈን ከመሸጥ የራሳችንን ለምን አላሳትምም ብለው፣ ፈቃድ ሳይጠብቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር 1961 ዓ.ም. መጨረሻና 1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ማለት ነው። የመጀመሪያው ድምፃዊያቸው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ውጭ እየተላከ ይታተም ነበር፤ ህንድና ሊባኖስ ደርሶ የተመለሰ ብዙ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ትላልቆችን አወጡ።

ፊሊፕስም በዚያው ጊዜ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን ያሳትም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ብዙ ሰው አሊ ታንጎ እያለ የሚጠራቸው አሊ አብደላ ካይፋ ካይፋ ሬከርድስን አቋቋሙ። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በሸክላ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ። ሸክላ መግዛት የታላላቆቻችን ጉዳይ ነበር፤ መስማት ግን የሁሉም ነበር። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ ስለሚያዞሩት፣ ሳንቲም የሌለው ልጅም ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወደ ጊዮርጊስ ሲወጣ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና ሂሩት በቀለን እየሰማ ነው የሚያልፈው። የማህሙድ አህመድ ሙዚቃ ቤትማ ለብዙ ወጣቶች የቀጠሮ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ስንት ትዳር ከዚያ ደጃፍ ተነሥቶ ዛሬ የልጅ ልጅ እንዳየ ፒያሳ ትቁጠረው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊቱ ሙዚቃ ተዘጋ። አቶ አምሃም በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዱ። ካሴት በርካሽ ዋጋ ገበያውን ያዘ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ ሸክላ ነገር አበቃ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ ያሉት የዚያ ወርቃማ ዘመን ሸክላዎች በጠባብ ጊዜ ውስጥ የታተሙ ናቸው። ቁጥራቸው አይጨምርም፤ የሚሰበረውና የሚጣለው ግን በየዓመቱ ይቀጥላል።

ሁለት እውነተኛ ምርመራዎች

ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ፍለጋ በእውነቱ ዓለምም ተፈጽሟል፤ ያውም በእኛ ሙዚቃ ላይ። ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከአዲስ አበባ የመጣ የማህሙድ አህመድ ሸክላ ሰማና «ይህን የሠሩት እነማን ናቸው?» ብሎ ተነሣ። አዲስ አበባ መጣ፤ በሰዓት እላፊው ዘመን እየጠየቀ ዞረ። በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ከሄዱት ከአቶ አምሃ ጋር ተስማምቶ የድሮዎቹን ሸክላዎች በ«ኢትዮፒክስ» ስም ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ተከታታዩ ከ30 ክፍል በላይ ሆኗል። አራተኛው ክፍል የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ከዚያ የተወሰዱ ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብተው ዓለም ሁሉ ሰማቸው። 21ኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው።

በዚሁ ፍለጋ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣ ነበር፤ ግርማ በየነ። ከስልሳ በላይ ዘፈኖችን ያቀናበሩ፣ ራሳቸው ግን በሸክላ የዘፈኑት አራት ዘፈን ብቻ የሆነ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ከሙዚቃው ርቀው በነዳጅ ማደያ ሠርተው ኖሩ። ሸክላዎቹን የያዙ ሰዎች ግን ድምፃቸውንና ሥራቸውን አልረሱትም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ከረጅም ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጡ።

ሁለተኛው ምርመራ ወደ ባሕር ዳር ይወስደናል። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትስ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ ሰው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ሱቅ የኃይሉ መርጊያን ካሴት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራ፣ አኮርዲዮንና ኪቦርድ አንድ ላይ የሚሰማበት ሥራ ነው። ባለቤቱን ፈለገ፤ ስልክ ደወለ። የዋልያስ ባንድ መሥራች የነበሩት፣ አዲስ አበባ ሂልተን ውስጥ ስንቱን ያስደነሱት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ነበር። ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ኋላ ጭነው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። በ1977 (እ.ኤ.አ.) ከዋልያስ ጋር ያወጡት «ቸ በለው» የተባለው ሸክላ ደግሞ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ ሆኗል።

ሁለቱም ታሪኮች ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍንጩ ዕቃው ነው፤ መልሱ ያለው ግን ሰው ዘንድ ነው። ሸክላው «እኔን ማን ሠራኝ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። የሚመልሰው በሕይወት ያለ ምስክር ነው። ፋልሴቶም ሆነ ሺምኮቪትስ ዘግይተው ቢነሡ ኖሮ በእጃቸው የሚቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

ገዳይ የሌለበት ወንጀል

አሁን ወደየቤታችን እንመለስ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሸክላዎች ላይ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም አለ። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ሠራው፣ ሳክስፎኑን ማን ነፋው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህን የሚያውቁት ያኔ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በክብር ዘበኛ ጊቢ ያደጉ፣ በሀገር ፍቅር መጋረጃ የሳቡ፣ በምሽት ክበብ ቢራ ያቀረቡ፣ በሙዚቃ ቤት የሸጡ። አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመታቸውን አልፈዋል። ብዙዎቹም ሄደዋል፤ አቶ አምሃ ራሳቸው በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዐርፈዋል።

በዚህ ላይ ሰፈሩ ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ አያሌ ቤተሰብ ሳጥኑን ጭኖ ወደ አዲስ መኖሪያ ሄዷል። ሰው ቤት ሲቀይር ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አልጋውና ምጣዱ ይጫናል፤ አሮጌው ነገር «ለምን እንሸከመዋለን» ይባላል። ቁራሌው በበሩ ሲያልፍ የተሰበረው ግራማፎን ከነሸክላው ከአሮጌ ቆርቆሮና ከጫማ ጋር ይሄዳል። የገዛው ሰው ዋጋውን ያውቃል ወይም ዋጋውን ለሚያውቅ ይሸጠዋል። ከዚያ ሸክላው አገር ለቆ ይሄዳል።

መሸጥ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የቸገረው ሰው ዕቃውን ይሸጣል፤ መብቱ ነው። የውጭ ሰብሳቢዎችንም አልወቅስም፤ እነሱ ባይሰበስቡት ብዙው ጠፍቶ ነበር። የሚያሳዝነኝ ሸክላው ሲሄድ ታሪኩ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ጀርባው ላይ «ለእመቤት፣ ለልደትሽ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸክላ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሌላ አገር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ እመቤት ማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። የምታውቀው አያት ግን እዚሁ፣ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቃት ተቀምጣለች። ወንጀል ከተባለ ለእኔ ይህ ነው። ገዳይም ሌባም የለበትም፤ ሳይጠየቅ ያለፈ ምስክር ብቻ ነው ያለበት።

ምስክሩ ሲነቃ

ይህን ስጽፍ የሙያዬም ነገር አለበት። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን ለብዙ ዓመታት ተንከባክቤያለሁ። በሽታው መጀመሪያ የሚወስደው የቅርቡን ነው፤ ቁርስ ምን እንደበሉ፣ ማን እንደጠየቃቸው። የሩቁ፣ በተለይም በወጣትነት የሰሙት ዜማ፣ ብዙ ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አራዳ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ፤ የልጃቸው ስም እንኳ ይጠፋቸው ነበር። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው በስልኩ የድሮ ዘፈን ከፈተ። እሳቸው ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ዘፈኑት፤ ሲጨርሱም «ይኼን የሰማሁት ከአባትህ አባት ጋር ነው፤ ነጭ ጫማ አድርጎ ነበር» አሉት። ቤተሰቡ ስለ ነጩ ጫማ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ሙዚቃ የመርሳት በሽታን አያድንም። ይህን ጠንከር አድርጌ መናገር አለብኝ፤ የሕክምና ክትትልንም አይተካም። ነገር ግን ያረጋጋል፤ ያነጋግራል፤ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ሰውየውን ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጉ፣ አንድ ዘፈን በአንድ ጊዜ ይበቃል፣ ካዘኑ ወይም ከተረበሹ አቁሙ። የድሮ ዘፈን ደስታ ብቻ አይደለም የሚቀሰቅሰው፤ በዚያ ዘመን ልጁን ያጣ ወላጅ ብዙ ነው።

ጤነኛ አያትም ቢሆን «ስለ ድሮ ንገረን» ሲባል የሚናገረው ይጠፋዋል። ጥያቄው ሰፊ ነው። ሸክላ እጁ ላይ ስታስቀምጡለት ግን ጥያቄው ጠባብ ይሆናል፤ ይህን የት ገዛኸው? በስንት? ከማን ጋር ሰማኸው? ነርስም ሐኪምም የሚያውቀው ነገር ነው። «ምን ያምሃል?» ከማለት «የት ጋ ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ማለት የተሻለ መልስ ያመጣል።

የቤት ውስጥ ምርመራ

ለልጆቻችሁ ወይም ለልጅ ልጆቻችሁ በዚህ ዕረፍት አንድ የምርመራ ሥራ ስጧቸው። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

በመጀመሪያ ቦታውን ይመርምሩ። ሸክላውን ከልባሱ ሲያወጡ በዳርና በመሐሉ ይያዝ፤ ጣት የሚሽከረከርበትን ገጽ አይንካ። የቆየ ሳጥን ሻጋታና አቧራ ስለሚይዝ አስም ያለበት ልጅ አፍንጫና አፉን ይሸፍን፤ መስኮትም ይከፈት።

ከዚያ ማስረጃው ይመዝገብ። የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙ ስም፣ በሁለቱም ገጽ ያለው ዘፈን፣ የሸክላው ቁጥር። የአምሃ ሬከርድስ ሸክላዎች ቁጥር «ኤ ኢ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል፤ የመሥራቹ ስምና የአባት ስም መነሻ ናቸው። ቀጥሎ ሸክላውን በብርሃን አጋድመው ለስላሳውን ቀለበት ያንብቡ፤ የተገኘውን ቁጥርና ጭረት ሁሉ ይጻፉ። ልባሱ ላይ በእጅ የተጻፈ ስም፣ ቀን ወይም የሱቅ ማኅተም ካለ ወርቅ ነው። ሁሉንም በስልክ ፎቶ ያንሡት።

ሦስተኛው ምስክሩን መጠየቅ ነው። አያት ሲናገሩ በስልክ ድምፃቸው ይቀዳ፤ ፈቃዳቸው ግን አስቀድሞ ይጠየቅ። አያቋርጧቸው። ስም ሲጠሩ «እሱ ማን ነበር?» ብለው ይከተሉ። ሁለት አያቶች አንዱን ታሪክ በሁለት መንገድ ቢነግሩ ሁለቱም ይጻፍ፤ መርማሪ ምስክርን አያስታርቅም፤ ቃላቸውን ይመዘግባል።

አራተኛው እንክብካቤው ነው። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተነባብሮ ከተኛ ይጣመማል። ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ሙቀት ይራቅ። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት የተጣራ ውኃ አርጥቦ የቦይውን አቅጣጫ ተከትሎ መጥረግ ይቻላል፤ መሐሉ ያለው ወረቀት አይርጠብ። እኛ የጤና ሰዎች ሁሉን በአልኮልና በጥጥ መጥረግ ልማዳችን ነው። እዚህ ላይ አይሠራም። በተለይ በጣም የቆዩት፣ ከባድና በቀላሉ የሚሰበሩት በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሸክላዎች በአልኮል ይሟሟሉ። ያረጀ መርፌም ልክ እንደ ደነዘዘ የሕክምና መርፌ ያቆስላል፤ ማጫወቻው ለዓመታት ካልተነካ መርፌው ሳይቀየር ሸክላ አታስቀምጡበት።

ገዢ ሲመጣስ? አትቸኩሉ። ዝርዝሩን አዘጋጅታችኋል፤ ልጆቹ «ዲስኮግስ» የተባለውን የሸክላ መዝገብ በስልካቸው ከፍተው ተመሳሳዩ በስንት እንደተሸጠ ያሳዩአችሁ። ዋጋው እንደ ሸክላው ጤንነት በጣም ይለያያል፤ የተጫረው ከንጹሑ እኩል አይሆንም። አንድ ነገር ደግሞ ይታወቅ። ሸክላውን መሸጥ ዘፈኑን መሸጥ አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰቱ መብት የደራሲው፣ ከእሱ በኋላም የወራሾቹ ነው። የሸክላው ባለቤት መሆን ዘፈኑን አባዝቶ ለመሸጥ አያስፈቅድም። በቤተሰባችሁ ግጥም ወይም ዜማ የሠራ ሰው ከነበረ ግን ያ የድሮ ሸክላ የመብታችሁ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሸጣችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

መሸጥ የማይፈልግ፣ ቤቱም ማስቀመጫ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ሄዶ ማነጋገር ይችላል። ዝርዝሩንና የተቀዳውን ቃል አብራችሁ ያዙ። ታሪክ ያለው ሸክላ ታሪክ ከሌለው ይልቅ ተቀባይ ያገኛል።

የእንግሊዛዊው መርማሪ ችግር ምስክሮቹ መሞታቸው ነበር። የእኛዎቹ ገና አሉ። ቡና እየጠጡ፣ ዜና እየሰሙ፣ «ማን ይጠይቀናል» እያሉ ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ካለ ዛሬ ይከፈት፤ ሳጥኑ ባይኖርም ዘፈኑ በስልክ አለ። ጥያቄው ግን ከሰው አፍ መውጣት አለበት።